ሁለት ዋና የነበረን ዓርብ

«አጠፉት» አሉኝ ጋሽ ሰይድ በስልክ። ሰላምታ አላስቀደሙም። እሳቸው የእኔን፣ የልጆቼን፣ የጉልበቴን ደኅንነት አንድ በአንድ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ የሚገቡ ሰው ስላልሆኑ ደነገጥኩ። ሜሪላንድ፣ ዊተን ካለው ፋርማሲ የደም ግፊት መድኃኒቴን ለመውሰድ ተሰልፌ ነበር።

«ምኑን ነው ያጠፉት?»

«ዳታቤዛችንን ነዋ። ካምፓኒው ተሸጦ የለ? ገዢዎቹ የራሳቸውን ሲስተም ይዘው መጡ። የእኛን ሁለቱንም ማሽኖች ዛሬ ጠዋት ዘጓቸው። ሊንዳ ናት ቴክስት ያደረገችልኝ።»

ሊንዳ የሁለታችንም አለቃ የነበረች ሴት ናት። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ በደኅና አገልግሎ በደኅና አረፈ» አልኳቸው። ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ሆኖም ስለዚያ ማሽን ስሰማ እንደ ዘመድ ነው የማስበው።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የአስፐን ሂሏ ሴትዮስ? ሳናውቅ ቀረን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ሳናውቅ ቀረን፣ ጋሽ ሰይድ።»

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ስልክ ነው። የአስፐን ሂሏ ሴትዮ በዚያ ሰፈር የምትኖር፣ የኩላሊት እጥበት የሚደረግላት አንዲት በዕድሜ የገፋች እናት ነበረች። ካምፓኒያችን በቫን ወደ ሕክምናዋ ያደርሳትና ወደ ቤቷ ይመልሳት ነበር። አንድ ዓርብ ቀን እኔና ጋሽ ሰይድ በሠራነው ስሕተት የእሷ ጉዞ በመዝገባችን ላይ ከሌላ ሰው ጉዞ ጋር ተምታታ። መኪና መጥቶላት ሕክምናዋ ደርሳ እንደሆነ፣ ወይም ደጅ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ቀርታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። ጋሽ ሰይድ ዛሬ አርጅተዋል። ይህን ሳያውቁ እንዲያልፉ አልፈልግም። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ሥራችን ምን ይመስል እንደነበር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ «ኮምፒዩተር» ብዬ አልፍ ነበር። ያን የሰሙ እናቶች ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ «ስንዱ፣ ይሄ ስልክ ፎቶ አልልክ አለኝ» እያሉ ይከቡኛል። የእኔ ሥራ ዳታቤዝ መጠበቅ ነበር፤ ማለትም የተሳፋሪ ስም፣ ቀጠሮ፣ አድራሻ፣ ሾፌር እርስ በርሳቸው ተሳስረው የሚቀመጡባቸውን ሰንጠረዦች መንከባከብ። ዳታቤዛችን ማንም በብቸኝነት የማይሸጠው፣ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ተጋግዘው የሚሠሩት፣ ውስጡን ከፍቶ ማንበብ ለፈለገ ሁሉ ክፍት የሆነ ዓይነት ነበር። አለቆች ስለማይከፈልበት ይወዱታል። ጠባቂ የሚያስፈልገው መሆኑ ትዝ የሚላቸው ሲቆም ነው።

በዲቪ ስመጣ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረኝ። መጀመሪያ ዲሲ መሐል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እየቆረጥኩ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ኮሌጅ ተማርኩ። ከዚያ ፎልስ ቸርች ያለ የሸቀጥ አከፋፋይ ቤት ገባሁ። አለቃዬ ክፋት የሌለበት፣ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነበር። ዳታቤዝ አንድ ትእዛዝ «ጽፌያለሁ» ከማለቱ በፊት ዲስኩ ላይ በእርግጥ መቀመጡን ይጠብቃል። ይህን መጠበቅ ማስቀረት ይቻላል፤ ያኔ ሁሉ ነገር ይፈጥናል። አለቃዬ አስቀሩት አለ። አደጋውን በጽሑፍ ነገርኩት፤ አንብቦ ፈገግ አለና «ፍጥነቱን ግን አየሽው?» አለኝ። በዚያው በጋ በነጎድጓድ መብራት ሲጠፋ «ተጽፏል» የተባለው ግማሹ የትም አልነበረም። ጠዋቱን በሙሉ ለባለሱቆቹ እየደወልን «ምን ነበር ያዘዛችሁት?» ስንል ዋልን። ሰውየው ጥፋቱን በእኔ አላሳበበም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ዳታቤዝ የሚታመነው የሚያዝዘው ሰው ሲታመን ብቻ መሆኑን ግን እዚያ ነው የተማርኩት።

ቀጥዬ የገባሁት አሌክሳንድሪያ፣ ይህ በሽተኞችን የሚያመላልሰው ካምፓኒ ነው። ጡረታ እስክወጣ አልለቀቅኩትም። ጋሽ ሰይድን ያገኘኋቸውም እዚያ ነው።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ አገር ቤት የስልክ ማዞሪያ ቴክኒሻን ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ከኪቦርድና ከተጠቀለለው መስገጃቸው ሌላ ምንም አይቀመጥም። መጀመሪያ ቀን አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ያረጁ ቀጠሮዎችን የሚያጠፋ ትእዛዝ እንድጽፍ አደረጉኝ። ጻፍኩ። ልጫነው ስል እጄን በእስክሪብቶ ነካ አደረጉት።

«እጅሽን አንሺና አንብቢልኝ። በአማርኛ።»

«በአማርኛ?»

«እኔና አንቺ በሕልማችን የምናወራው በምንድነው?»

አነበብኩ፤ «ቀጠሮዎችን አጥፋ» ይላል።

«የትኞቹን?»

ማያ ገጹን አየሁት። የትኞቹን የሚለው አልተጻፈም። ብጫነው ኖሮ የካምፓኒው ቀጠሮ ሁሉ ይሄድ ነበር።

«እቴ፣ መጀመሪያ ቀንሽ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ «ሁለተኛ ቀን እንዲኖርሽ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ትእዛዝ ጮክ ብዬ በአማርኛ ሳላነብ ተጭኜ አላውቅም። ብቻዬን ስሆንም አነባለሁ። አዲስ የሚመጡ ልጆች ጸሎት የማደርግ ይመስላቸው ነበር፤ አላረምኳቸውም።

ሌላው ልማዳቸው ከመጠባበቂያው ቅጂ ዳታቤዙን በየሳምንቱ ባዶ ማሽን ላይ እንደገና ማስነሣት ነው። ብዙ ቦታ ቅጂ ይወሰዳል፤ ቅጂው ይነሣ አይነሣ ግን ማንም አያይም። እሳቸው ተሳፋሪዎቹ መሐል ራሳቸውን በውሸት አስመዝግበዋል፤ «ሰይድ ሙከራ» ይባላሉ። ቅጂው በተነሣ ቁጥር ራሳቸውን ይፈልጋሉ። ሲያገኙት ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው «አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይገኙ ቀርተው ነበር። ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ለቀናት ባዶ ፋይል ሲያስቀምጥ ኖሯል። ሊንዳ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ነጣ፤ እሳቸው ግን ተረጋግተው «ዛሬ የጠፋሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ደግ ነው» አሏት።

ከሠራናቸው ሥራዎች የምወደውን አንዱን ላውጋችሁ። ጉዞ የሚመድቡት ዲስፓቸሮች ተሳፋሪ የሚፈልጉት በልደት ቀንና በአባት ስም ነበር። አብዛኛው ሰው ወዲያው ይገኛል፤ አንዳንዱን ሲፈልጉ ግን ማያ ገጹ ቆሞ ይቀራል። ሊንዳ አዲስ ማሽን ልትገዛ ነበር። እኔና ጋሽ ሰይድ የዘገዩትን ፍለጋዎች አወጣንና ጎን ለጎን አደረግናቸው። ጋሽ ሰይድ ሳቃቸው መጣ።

«ልደታቸውን እይው» አሉኝ።

ሁሉም ጃንዋሪ አንድ ነው። አገራቸው ሲወለዱ ቀን ያልተጻፈላቸው ሰዎች፣ እዚህ ሲገቡ ጃንዋሪ አንድ ተብለው ተመዝግበዋል። ከእኛ፣ ከሶማሊያ፣ ከአፍጋኒስታን የመጣ ስንቱ!

«የእርስዎስ መቼ ነው?» አልኳቸው።

«የእኔማ ከእነሱ ጋር ነው። ኬኩን ለማን ለማን ልንቆርስ?»

ዳታቤዝ መረጃ ለመፈለግ መንገድ የሚመርጠው በግምት ነው። በአንድ ቀን የሚወለዱ ጥቂት ናቸው ብሎ አንድ አቋራጭ ይዞ ነበር፤ ያንኑ አቋራጭ ለሁሉም ይጠቀምበታል። ጃንዋሪ አንድ ላይ ሲደርስ አቋራጩ የገበያ ግርግር ውስጥ ይጥለዋል። ልደትንና የአባት ስምን አንድ ላይ የያዘ ማውጫ ሠራንለት፤ ግምቱንም ለእያንዳንዱ ፍለጋ እንደ አዲስ እንዲያወጣ አደረግን። አዲስ ማሽን ሳይገዛ ቀረ። ሊንዳ ምክንያቱን ስትሰማ ስቃ ስቃ ስታበቃ «ለካ ዳታቤዙም ኢሚግሬሽን መማር ነበረበት» አለች።

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ።

ሁለት ማሽን ነበረን። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ያለውን «ዋናው» እንለዋለን፤ አዲስ ነገር የሚጻፈው እሱ ላይ ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ያለው «ተከታዩ» ዋናው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው እየገለበጠ ይቀመጣል። ዋናው ቢሞት ተከታዩን ዋና አድርገን እንሾመዋለን። የሥራው ትልቁ ሕግ እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌው ዋና መሞቱን ሳታረጋግጥ አዲስ አትሹም። ሁለቱም በሕይወት ኖረው ሁለቱም ዋና ከሆኑ፣ አንዱ ሳያውቅ ሌላው ይጽፋል፤ እውነቱ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ ተከታይ በምንሾምበት ልምምድ ሁሉ ሳያቋርጡ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ሞቷል ወይ? ማን አየው?»

ማሽኖቹ ሲቆሙ ወደ ስልካችን የሚመጣውን የአደጋ ጥሪ እኔና እሳቸው እንደየእምነታችን ተካፍለነው ነበር። እሳቸው ለጁምዓ ሲሄዱ እኔ እይዛለሁ፤ እኔ ለበዓላት ስሄድ እሳቸው ይይዛሉ። ማንም ያዘዘን አልነበረም፤ አገራችን ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚያደርገው ማድረጋችን ነው። ስቅለት ግን ሁልጊዜ ዓርብ ይውላል። እንደ ወትሮው ያቺን አንድ ሰዓት ሊንዳ ትይዝልን ነበር፤ ያን ዓመት እናቷን ልታስታምም ሌላ ስቴት ሄዳለች። ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሕማማትና ረመዳን ተገናኝተው ነበርና ሁለታችንም ጾመኞች ነን።

ሐሙስ ዕለት ልወጣ ስል ጋሽ ሰይድ ጠሩኝ።

«ነገ ጥሪው የእኔ ነው። አንቺ ስገጂ።»

«ጁምዓስ?»

«ለጁምዓዋ ብቻ ስልክሽን ኪስሽ አድርጊ። ድምፁን አጥፊው፤ ይንቀጥቀጥ። ምንም አይመጣም፣ ኢንሻአላህ።»

«ስግደት ላይ ሆኜ ቢመጣስ?»

«አይመጣም አልኩሽ እኮ። ከመጣም አንቺን ይፈራል።»

መጣ። የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያናችን ሞልቶ ሰው እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰግዳል፤ እኔ በር አጠገብ ነበርኩ። ኪሴ ተንቀጠቀጠ። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዋናው አይመልስም። ደጋግሜ ጠራሁት፤ ጸጥ ነው። የሜሪላንድ ዲስፓቸሮች ማያ ገጻችን ቆመ እያሉ ይጽፉልኛል። ሰዓቱን አየሁ፤ የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ የሚሰማበት፣ ሶላት የሚቆሙበት ሰዓት ነው። የጋሽ ሰይድን ስም ስልኬ ላይ አውጥቼ ጣቴን አስጠጋሁ። «በረመዳን ጁምዓ፣ ሶላት ላይ ያሉ ሽማግሌ» አልኩ በሆዴ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ትእዛዙን ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩ፤ ትክክል ነበር። ተከታዩን ሾምኩት። ማያ ገጾቹ ተንቀሳቀሱ። አማትቤ ወደ ስግደቴ ተመለስኩ።

ያላወቅኩት ይህ ነው። ዋናው አልሞተም ነበር። በሁለቱ ቢሮዎች መሐል ያለው መስመር ነው የተቆረጠው፤ እኔ የገባሁት በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ስለሆነ አላየሁትም። ዋናው ማንኛውንም ነገር ሲጽፍ ተከታዩ «ደረሰኝ» እስኪለው ይጠብቃል፤ መስመሩ ሲቆረጥ መልስ አጥቶ ቆሞ ቀረ። እንዲሁም ጋሽ ሰይድ ሶላት ላይ አልነበሩም። ስቅለት ላይ ጥሪ ያዢ ማለታቸው ከብዷቸው፣ መስጊዱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ላፕቶፓቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ኹጥባውን በመስኮት እየሰሙ ተቀምጠዋል። ጥሪው ለእሳቸውም መጣ። ዋናውን ሲያዩት ሕይወት አለው፤ ተከታዩን እየጠበቀ ነው። እሳቸውም የእኔን ስም ስልካቸው ላይ አወጡ። «ስንዱ ስግደት ላይ ናት» ብለው ተዉት። ዋናውን «ተከታዩን አትጠብቅ፣ ብቻህን ጻፍ» ብለው አዘዙት። የቨርጂኒያ ማያ ገጾች ተንቀሳቀሱ። አመስግነው ለሶላቱ ደረሱ።

ሁለት ዋና ኖረን።

ስግደት አልቆ በወይራ ቅጠል ተጠብጥበን ስንወጣ፣ ጋሽ ሰይድ እንዳይጨነቁ ብዬ ቴክስት ጻፍኩላቸው፤ «ዋናው ስለሞተ ተከታዩን ሾሜያለሁ፤ ሁሉም ደኅና ነው፣ አያስቡ።» ልልክ ስል የእሳቸው ገባ፤ «ዋናው ትንሽ ተንገዳግዶ ነበር፤ አስተካክየዋለሁ፤ አትጨነቂ፣ ስገጂ።» የእኔ ሄደ። የሁለታችንም ቴክስት አንዱ ከሌላው ሥር ተቀምጦ ስልኬ ላይ አየሁት። ወዲያው ደወሉ።

«ስንዱ።»

«አቤት።»

«ሞቷል ወይ?» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ልምምዱ ቀን የረጋ ነበር። «ማን አየው?»

ላፕቶፔን ከፍቼ የሾምኩት ማሽን መጻፉን እንዲያቆም አደረግኩ።

ቀዳም ሥዑር ዕለት አሌክሳንድሪያ ቢሮ ተቀምጠን የተከፈለውን መስፋት ጀመርን። እኔ አክፍዬ ነበር፤ እሳቸውም ጾም ላይ ናቸው።

«አንቺ ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመስሽም፤ ሂጂ አረፍ በይ።»

«እርስዎስ ውሃ የቀመሱት መቼ ነው?»

«እኔ መግሪብ አለልኝ።»

«እኔም ትንሣኤ አለልኝ።»

«በይ እንግዲያው አንብቢ» አሉ።

በሜሪላንድ የተጻፈውንና በቨርጂኒያ የተጻፈውን አንድ በአንድ እያመሳከርን በየተሳፋሪው ቤት ደወልን። ክፉው ነገር የጉዞ ቁጥር ነው። ማሽኖቹ አዲስ ጉዞ ሲመዘገብ ቀጣዩን ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ዋና ስለነበሩ አንዱን ቁጥር ለሁለት ሰው ሰጥተዋል። አብዛኞቹን ለየናቸው። ሰዎቹ ሕክምናቸው ደርሰው ተመልሰዋል፤ በስልክ አረጋገጡልን። የአስፐን ሂሏ ሴትዮ ግን ቀረች። የዘወትር ሾፌሯ ደረጀ ለስቅለት ፈቃድ ወስዶ ስለነበር፣ ዲስፓቸሯ ጉዞዋን በዚያች በተከፈለችው ሰዓት እንደ አዲስ መዘገበችው። ያው ቁጥር ቨርጂኒያ ውስጥ ለአንድ ሰውዬ ተሰጥቷል። መስመሩ ሲመለስ የሾፌሮቹ ስልክ ከሁለቱም ወገን ማንበብ ጀመረ፤ ሰውየው ሲደርስ የተጻፈው «ደርሷል» የሚለው ቃል በእሷም ላይ ተለጠፈ። ስለዚህ መዝገቡ ደርሳለች ይላል። ያ መድረስ የሰውየው ነው። የእሷን ማን እንደወሰደው፣ የወሰዳት ሰው ይኑር አይኑር፣ አንድም ምልክት አልቀረም።

ቤቷ ደወልን፤ አይነሣም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ደረጀ እንደ ልማዱ ሄዶ አገኛት፤ ተሳፍራለች። እፎይ አልን። ደረጀ «ዓርብ ማን ወሰደሽ፣ እማ?» ሲላት «ልጆቼ ናችሁ ሁላችሁም፤ እግዜር ይስጣችሁ» ብቻ ነው ያለችው። እሷ ለሁሉም ጥያቄ የምትመልሰው ምርቃት ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከሕክምናው ቦታ «አገልግሎቱ አያስፈልግም» የሚል አጭር ቃል መጣ። ይህን ቃል ተሳፋሪው ሌላ ስቴት ሲሄድም፣ ሆስፒታል ሲተኛም፣ ሲያርፍም ይጽፉታል። የበሽተኛ ምስጢር ስለሆነ ዝርዝሩን አይነግሩንም፤ መጠየቃችንም ልክ አልነበረም። ጋሽ ሰይድ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንድ ቅዳሜ አስፐን ሂል ድረስ ሄደው ሕንፃው ደጅ ቆሙ። ቤቱ ተለቆ ሌላ ሰው ገብቶበታል።

ሊንዳ ስትመለስ ሁለታችንንም ጠራችን። እኔ «የሾምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ጋሽ ሰይድ «አትስሚያት፤ ቀኑ የእኔ ነበር፤ አትጠብቅ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሳልደውል የቀረሁት እኮ እኔ ነኝ!» «እኔስ ደውያለሁ?» ሊንዳ እጇን አነሣች። «በዚህ ሥራ ላይ ሰው ከጥፋት ሲሸሽ ነው የማውቀው፤ እናንተ ትሻሙበታላችሁ» አለች። ለማን ቅጣት እንደምትጽፍ ስናስብ፣ የጻፈችው አንድ መሥመር ነው፤ ሁለት ጥንቁቅ ሰዎች አንዳቸው ለሌላቸው አዝነው አልተደዋወሉም የሚል። ለእኔ ከቅጣት ይልቅ ያ ከበደኝ። ማሽኖቹ አስተካክለን የምንጨርሳቸው ነገሮች ነበሩ። እኛን ያሳሳተን ግን ያሳደገን ጨዋነት ነው፤ እሱን ከየት ከፍተው ያስተካክሉታል?

የቻልነውን አስተካከልን። ሦስተኛ ትንሽ ማሽን ሌላ ቦታ አስቀመጥን፤ ጋሽ ሰይድ «ምስክሩ» ብለው ሰየሙት። ሁለቱ ማሽኖች መተያየት ሲያቅታቸው ምስክሩ የሚያየው ወገን ብቻ ዋና ይሆናል፤ ሌላው መጻፉን ያቆማል። የጉዞ ቁጥሮችም ወገን ከወገን እንዳይጋጩ ለየናቸው። ለራሳችን ደግሞ አንድ ሕግ አወጣን።

«ከእንግዲህ ሶላት ላይ ብሆን ደውይልኝ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «አላህ ያንን ስልክ ያውቀዋል።»

«እርስዎም ስግደት ላይ ብሆን ይደውሉልኝ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተደዋውለናል። አንድ የጥምቀት ዋዜማ ደውለው «ምንም አልሆነም፤ ሕጉ እንዳይዝግ ብዬ ነው» ብለው ዘጉት። የዳታቤዙም እውነት ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ አልተከፈለም። ጋሽ ሰይድ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚያን ዓርብ ጉዳይ «ተዘግቷል» ብለው አልፈረሙም። ተቆጣጣሪዎች ሲጠይቁ ሊንዳ «ይቆይ» ትላለች። እኔም ጡረታ ስወጣ አልፈረምኩም።

ደረጀን ከሁሉ በላይ አስቸግሬዋለሁ። ያን ቀን በበዓሉ ምክንያት ከሌላ ቦታ በትብብር የመጡ፣ ከዚያ በኋላ ያልተመለሱ ሾፌሮች ነበሩ። ከእኛም ሾፌሮች ሠርተው የዋሉ ነበሩ። ያገኘናቸውን ሁሉ ጠየቅን፤ ሁሉም አልወሰድኩም አሉ።

«እትዬ ስንዱ፣ ማን ይነግርሻል ብለሽ ነው?» አለኝ ደረጀ። «ያለ ኦርደር ሰው የጫነ ሾፌር ኮንትራቱ ይቀደዳል። ኢንሹራንሱ አይሸፍነውማ። ስልኩ ላይ ኦርደሩ ጠፍቶበት፣ እሷን ደጅ ላይ ቁጭ ብላ አይቶ ቢያሳፍራት፣ መጥቶ አሳፈርኩ ይላል?»

«አንተ ብትሆን ታሳፍራት ነበር?»

«እሷን? ትተሃት የምትሄደው ማን ሆነህ ነው! ግን አልነግርሽም ነበር።»

ይህ የደረጀ ቃል ብዙ ጊዜ አጽናንቶኛል፤ ብዙ ጊዜም አልበቃኝም። የሴትዮዋ ስም ለሁለታችንም እምነት የሚሆን ስም ነው፤ ደረጀ የእኛ ናት ይላል፣ ሙስሊሞቹ ሾፌሮችም የእኛ ናት ይላሉ። ጋሽ ሰይድ በዱዓቸው አይረሷትም። እኔ ደግሞ ለጸሎት ስሟን ስሰጥ ከሕያዋን ጋር ላስጽፋት ወይስ ካረፉት ጋር፣ አላውቅም። ካረፉት ጋር ሳስጽፋት የገደልኳት ይመስለኛል። ከሕያዋን ጋር ሳስጽፋት ራሴን የምደልል ይመስለኛል። ካህኑን ስጠይቃቸው «ስሟን ብቻ ስጪን፤ እሱ ያውቃታል» አሉኝ። እንደዚያ አደርጋለሁ።

አሁን ካምፓኒው ተሸጧል፤ ማሽኖቹ ጠፍተዋል። የሚቀደድ ኮንትራት የለም፤ የሚጠይቅ አለቃም የለም። ስለዚህ በዚያ ስቅለት ዕለት ቀትር ላይ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተንና በአስፐን ሂል በኩል ቫን ስትነዱ ለነበራችሁ ሁሉ ይህን እጠይቃለሁ። ደረጃ ባለው ባለ ጡብ ሕንፃ ደጅ፣ የፖስታ ሣጥኖቹ አጠገብ በራሷ ወንበር የምትቀመጥ፣ ከመኪና ከመውረዷ በፊት ሾፌሯን መርቃ የማትጠግብ አንዲት እናት ያን ቀን አሳፍራችሁ ከሆነ፣ ንገሩኝ። ኦርደር ነበረህ ወይ ብዬ አልጠይቅም። ሕንፃው ጋ ደርሳችሁ ስልካችሁ ላይ «ደርሳለች» የሚል ስላያችሁ ጥላችሁ ሄዳችሁ ከሆነም ንገሩኝ፤ ያ ቃል የእኛ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም፣ ማንም አይወቅሳችሁም። ስታልፉ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ያያችኋትም ብትሆኑ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ትዝ ባይላችሁም፣ ማየታችሁን ብቻ ንገሩኝ። በሰው በኩል ላኩብኝ፤ በዚህ አካባቢ የሚፈልገኝ ሰው አያጣኝም።

መልሱ ደግ ከሆነ በዚያው ቀን አሌክሳንድሪያ፣ ጋሽ ሰይድ ቤት እሄዳለሁ። ክፉም ከሆነ እሄዳለሁ። ጋሽ ሰይድ እውነቱን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ራሴ እነግራቸዋለሁ።